ባንዲራው የሚነሣው ለማን ነው? ስለ ዳኞች ስልጠናና ስለ ምልክት አሰጣጥ ልዩነት

ባሕር ዳር ውስጥ በሠፈር፣ በትምህርት ቤትና በክለቦች ውድድር ላይ የሚያጫውቱ ዳኞችን በትኩረት የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። በአንድ ጨዋታ ላይ የተመደቡት ሦስት ዳኞች የሚያስፈጽሙት ሕግ አንድ ሆኖ ሳለ፣ የሚያሳዩት ምልክት ግን ሦስት ዓይነት ነው። በአንደኛው መስመር ያለው ረዳት ዳኛ አጥቂው ከጨዋታ ውጪ (ኦፍሳይድ) መሆኑን እንዳየ ባንዲራውን አንሥቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በሌላኛው መስመር ያለው ኳሱ መረብ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ባንዲራውን ከጭኑ ጋር አጣብቆ ይጠብቃል፤ የመሃል ዳኛው በበኩሉ ቀጥተኛ ላልሆነ፣ ማለትም በቀጥታ ግብ ሊቆጠርበት ለማይችል፣ ቅጣት ምት እጁን ለአፍታ ከፍ አድርጎ መልሶ ያወርደዋል። ሦስቱም የተማሩትን ነው የሚሠሩት፤ የተማሩበት ዘመንና መንገድ ግን አይገናኝም።

በእግር ኳስ ሜዳ ባንዲራ ይዤና ፊሽካ ነፍቼ፣ አልፎ አልፎም የመረብ ኳስ ጨዋታዎችን መርቼ ካየሁት ተነሥቼ በዚህ ጉዳይ ላይ የያዝሁት አቋም አለ። ምልክት የሚሰጠው ለሚያነበው ሰው ነው። አንባቢው ማን እንደሆነ፣ የት እንደቆመና ለማየት ምን ያህል ጊዜ እንዳለው ሳይነገር የሚሰጥ ስልጠና ዳኛውን ቄንጥ ያስተምረዋል እንጂ ሥራ አያስተምረውም።

ከነባሮቹ ዳኞች አብዛኞቹ የተማሩት ከአንጋፋ ዳኛ ጎን ሆነው ነው። ሕጉን በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ ይማሩና ቀሪውን ሜዳ ላይ፣ ከጨዋታ በኋላ በሚሰጣቸው ተግሣጽ ያሟሉታል። የዚህ መንገድ ጥንካሬ ሠልጣኙ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ምክንያቱን መስማቱ ነው፤ ድክመቱ ደግሞ የአስተማሪው የግል ልማድ ከሕጉ ጋር ተቀላቅሎ አብሮ መተላለፉ ነው። ከእነርሱ በኋላ የመጡት በአጫጭር ኮርሶች የሠለጠኑ ናቸው። የቅርቦቹም እነዚህኑ ኮርሶች ወስደዋል፤ ነገር ግን እጃቸውን የገራው ቅዳሜና እሑድ በቴሌቪዥን የሚያዩት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግና በስልካቸው ላይ የሚመላለሰው አጭር ቪዲዮ ነው።

በኮርሶቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው የአካል ብቃት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሩጫ በሰዓት ይለካል። ፊፋ ለዓለም አቀፍ ወንድ ዳኞች ያወጣው ፈተና 40 ሜትርን 6 ጊዜ፣ እያንዳንዱን ከ6 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ መሮጥን ይጠይቃል፤ ከዚያ 75 ሜትር በ15 ሰከንድ ሮጦ 25 ሜትር በ18 ሰከንድ መራመድና ይህንኑ 40 ጊዜ መደጋገም ይከተላል። በአገራችን ደረጃ ያሉት ፈተናዎችም የዚሁ ዘመዶች ናቸው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማችን በረፋድ ፀሐይ ይህን ለጨረሰ ሰው ደግሞ ክብር ይገባዋል። ያለፈውና የወደቀው ወዲያው ይታወቃል። ምልክት ግን የሚለካበት ሰዓት የለውም፤ ስለዚህ በኮርሱ የመጨረሻ ቀን፣ ሰው ሁሉ የምስክር ወረቀቱን በሚያስብበት ሰዓት፣ ተሰልፎ እጅ ማንሣትና ማውረድ ብቻ ሆኖ ያልፋል። ሠልጣኙ የቀጥተኛ ቅጣት ምትን ምልክት ከሌላው ለይቶ ያውቃል፤ ምልክቱን ለማን፣ መቼና እስከ መቼ እንደሚያሳይ ግን አልተነገረውም።

የረዳት ዳኛ ምልክት ለምን እንዲህ እንደተቀረጸ ለመረዳት የሜዳውን አከፋፈል ማየት ያስፈልጋል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ዳኛ ስታንሊ ራውስ፣ በኋላ ከ1961 እስከ 1974 ፊፋን በፕሬዚዳንትነት የመሩት፣ የመሃል ዳኛው ሜዳውን በሰያፍ እንዲመላለስና ሁለቱ የመስመር ዳኞች በተቃራኒ ጎኖች፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ግማሽ ላይ እንዲቆሙ የሚያደርገውን አሠራር አስፋፉ። ሐሳቡ ኳሱ ሁልጊዜ በመሃል ዳኛውና በአንዱ ረዳት መካከል እንዲሆን ነው። ስለዚህ ሁለቱ ዳኞች ኳሱን እያዩ እርስ በርስም ይተያያሉ። ባንዲራ የሚሠራው ይህ መተያየት ሲኖር ነው። ጆሮ ላይ የሚሰካ መገናኛና ቁልፉ ሲነካ በዋናው ዳኛ ክንድ ላይ የሚንቀጠቀጥ ባንዲራ ያላቸው ዳኞች ይህን መተያየት ለጥቂት ሰከንዶች ቢያጡት የሚደግፋቸው መሣሪያ አለ። እኛ በምናጫውትባቸው ሜዳዎች ላይ ያለው ዓይን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ባንዲራው ልምጣ። በተለመደው ሰያፍ መሠረት ረዳቱ ወደ ሜዳው ዞሮ ሲቆም የሚጠብቀው ግብ በቀኙ ይሆናል። ወደ ግብ መስመር ሲሮጥ ሜዳው በግራው ስለሚውል ባንዲራውን በግራ እጁ ይይዛል፤ ወደ መሃል ሲመለስ ደግሞ ሜዳው በቀኙ ስለሚሆን ወደ ቀኝ እጁ ያዛውረዋል። ምክንያቱ ባንዲራው ምንጊዜም ለዋናው ዳኛ በሚቀርበው እጅ፣ ተዘርግቶና ሳይወዛወዝ እንዲታይ ነው። ከእጅ ወደ እጅ የሚዛወረው ከወገብ በታች ነው፤ ከፍ ብሎ ቢዛወር ከሩቅ የሚያይ ሰው ምልክት የተሰጠ ይመስለዋል። የእጅ ውርወራ ሲሆን ባንዲራው የሚነሣው አቅጣጫውን በሚያሳየው እጅ ነው፤ በአንዱ እጅ አንሥቶ አናት ላይ ወደ ሌላው ማዛወር ውሳኔ የቀየሩ ያስመስላል፤ ተመልካቹም ይህን ሳይናገር አያልፍም። ለኦፍሳይድ ግን ቀኝ እጅ ይመረጣል፣ ረዳቱ ሜዳውን በተሻለ ሁኔታ ማየቱን እንዲቀጥል ያስችለዋልና። ባንዲራው መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሣል። ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ጥፋቱ ከወዲያ ማዶ ከሆነ ወደ ላይ ዘንበል፣ መሃል ላይ ከሆነ ከመሬት ጋር ትይዩ፣ ወዲህ ቅርብ ከሆነ ወደ ታች ዘንበል ይላል።

ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ላይ ቀላል ነው። ከሰዓት በኋላ፣ በተለይ ከ9 ሰዓት በኋላ፣ ከጣና ወደ ከተማው የሚነፍሰው ነፋስ ሲበረታ ግን ባንዲራው በዱላው ላይ ይጠቀለላል። የተጠቀለለ ባንዲራ ከ40 ሜትር ርቀት ሲታይ ባዶ እጅ ከማንሣት አይለይም፤ ከረዳቱ ኋላ ደግሞ ቀይና ቢጫ ልብስ የለበሰ ተመልካች ከቆመ ጭርሱኑ አይታይም። አንዳንድ ነባር ረዳቶች ለዚህ የራሳቸው ዘዴ አላቸው፤ የጨርቁን ጫፍ በጣታቸው ከዱላው ጋር ይዘው ይሮጡና ሲያነሡት ይለቁታል። መመሪያው ባንዲራው ሁልጊዜ ተዘርግቶ ይታይ ስለሚል ይህን ያየ ኢንስትራክተር ነጥብ ይቀንሳል። እኔ ግን በነፋስ ቀን የሚለቀቀውን ባንዲራ እመርጣለሁ፤ ሲነሣ በአንድ ጊዜ ይከፈታልና። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ይህንኑ የሚያደርግ ካለ ግን ልማድ ሆኖበት ነው።

ከሁሉም በላይ ሰፊ ልዩነት የማየው በኦፍሳይድ ባንዲራ ጊዜ ላይ ነው። የቪዲዮ ረዳት ዳኛ፣ ሁላችንም ቫር የምንለው፣ በ2018 እ.ኤ.አ. በጨዋታው ሕግ ውስጥ ገብቶ በዚያው ዓመት በሩሲያው የዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ረዳት ዳኞች በቴሌቪዥን ባንዲራቸውን ሲያዘገዩ እናያለን። ይህ መዘግየት በደንብ የተገደበ ነው። የሚፈቀደው በጣም ግልጽ በሆነ የማጥቃት አጋጣሚ ላይ፣ ተጫዋቹ ግብ ሊያስቆጥር ሲል ወይም ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ያለ ከልካይ ሲገሰግስ ብቻ ነው። ምክንያቱም ባንዲራው ተነሥቶ ጨዋታው ከቆመ በኋላ ቫር የጠፋውን ግብ መልሶ ሊያመጣው አይችልም፤ ጨዋታው ቀጥሎ ግብ ከተቆጠረ ግን ኦፍሳይድ ከነበረ ሊሽረው ይችላል። ባጭሩ ረዳቱ የሚያዘገየው ከኋላው ሌላ ዓይን ስላለ ነው።

ያ ዓይን በሌለበት ሜዳ የሚዘገይ ባንዲራ ምን ጥቅም አለው? ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ በተደረገ ጨዋታ በአንደኛው መስመር ላይ የነበረው ወጣት ረዳት አጥቂው ከሁለት ሜትር በላይ ከጨዋታ ውጪ መሆኑን አይቶ ባንዲራውን ሳያነሣ ጠበቀ። አጥቂው ኳሱን ተከትሎ ሮጠ፣ ግብ ጠባቂው ወጣ፣ ሁለቱም በሙሉ ፍጥነት ተጋጩ። ባንዲራው የተነሣው ግብ ጠባቂው ትከሻውን ይዞ መሬት ላይ ሲንከባለል ነው። ከጨዋታው በኋላ ልጁን ጠርቼ ለምን እንደዘገየ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ቴሌቪዥን ላይ እንዲህ አይደል እንዴ የሚያደርጉት?» አለኝ በቅንነት።

«እነሱስ ኋላቸው ስክሪን የሚያይ ሰው አላቸው። ያንተን ማን ያይልሃል?»

ዞር ብሎ ከመስመሩ ኋላ ቆመው ሲሰድቡት የነበሩትን ተመልካቾች አየና ሣቀ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ዓይኑ ጥሩ ነው፣ ሕጉንም ያውቃል። ያልተማረው በሕጉ ውስጥ ሁለት ዓይነት መጠበቅ እንዳለ ነው። አንደኛው ከላይ ያልሁት፣ ቫር ላለበት ሜዳ ብቻ የተፈቀደው ነው። ሁለተኛው ግን ለሁሉም ሜዳ የሚሠራ ነው፤ በኦፍሳይድ ቦታ ላይ መገኘት ብቻውን ጥፋት ስላልሆነ ረዳቱ ያ ተጫዋች በጨዋታው ውስጥ በንቃት መግባቱን እስኪያረጋግጥ ድረስ ይታገሣል። ኳሱን ለመጫወት የሚችል ሌላ በትክክለኛ ቦታ ላይ ያለ የቡድን ጓደኛ ካለ ማን እንደሚደርስበት ይጠበቃል። ሌላ ሰው ከሌለ ወይም ከግብ ጠባቂው ጋር መጋጨት የሚያሰጋ ከሆነ ግን ኳሱ እስኪነካ መጠበቅ አያስፈልግም። በስልጠና ላይ ሁለቱ «ቆይተህ እይ» በሚል አንድ ትእዛዝ ተጨፍልቀው ስለሚነገሩ ወጣቱ ረዳት የትኛውን እንደሚሠራ ሳያውቅ ሜዳ ይገባል።

በፍጹም ቅጣት ምት ላይ ያለው ልዩነት ያነሰ ቢመስልም ጠብ የሚያስነሣው እሱ ነው። ጥፋቱ ከዋናው ዳኛ ዕይታ ውጪ በክልሉ ውስጥ ሲፈጸም ረዳቱ መጀመሪያ ዳኛው የት እንዳለና ምን እንዳደረገ በዓይኑ ያረጋግጣል፤ ዳኛው ምንም ካላደረገ ባንዲራውን አንሥቶ ይጠቁማል፣ ቀጥሎም በመስመሩ ላይ ወደ ማዕዘኑ ባንዲራ በግልጽ ይሄዳል። ጥፋቱ ከክልሉ ውጪ ከሆነ ወደ ማዕዘኑ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ መሄድና መቆም ራሱ መልእክት ነው። አንዳንዶች ግን ባንዲራውን ደረታቸው ላይ ማጋደም ተምረዋል፤ አንዳንዶች ደግሞ በነጻ እጃቸው በስውር መጠቆም ለምደዋል። ሁሉም ከዋናው ዳኛ ጋር አስቀድመው ከተስማሙበት ያስኬዳል። ካልተስማሙበት ዋናው ዳኛ አንድ ረዳት ደረቱን ይዞ ቆሞ ሲያይ ምን ሊረዳ ይችላል?

ግብ ሲቆጠርም እንዲሁ ነው። ኳሱ ጎልቶ መረቡን ከነካ ረዳቱ ከዳኛው ጋር ተያይቶ ከ25 እስከ 30 ሜትር ያህል ወደ መሃል መስመሩ በፍጥነት ይሮጣል፤ ኳሱ መስመሩን አልፎ የተመለሰ እንደሆነ ግን መጀመሪያ ባንዲራውን ያነሣና ከዚያ ይሮጣል። በእኛ ሜዳዎች ተመልካቹ ኖራው ላይ ቆሞ ነው የሚያየው፤ አንዳንዴ ባጃጅ ሳይቀር ከመስመሩ አንድ እርምጃ ርቆ ይቆማል፤ ግብ ሲቆጠር ደግሞ ሕዝቡ ሜዳ ይገባል። ሠላሳ ሜትሩ የሚሮጠው በሰው መካከል ነው። ስለዚህ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ከመስመሩ ጀርባ ቢያንስ ሁለት ሜትር ክፍት እንዲሆን ማስደረግ የምልክት ዝግጅት አንድ አካል ነው እላለሁ፤ የጸጥታ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

የመሃል ዳኛውን በተመለከተ አብዛኛው ነገር ብዙ አያከራክርም። ለአድቫንቴጅ፣ ጥፋት ተፈጽሞም ጨዋታው ለተበደለው ቡድን ጥቅም ሲባል እንዲቀጥል ሲተው፣ ድሮ ሁለቱንም እጆች ወደ ፊት መግፋት ግዴታ ነበር፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ወዲህ አንድ እጅም ይበቃል፣ እየሮጡ ሁለት እጅ መዘርጋት ያስቸግራልና። ቀጥተኛ ላልሆነ ቅጣት ምት የሚነሣው እጅ ግን በቀልድ የሚታይ አይደለም። እጁ ኳሱ ተመትቶ ሌላ ተጫዋች እስኪነካው፣ ከጨዋታ እስኪወጣ ወይም በቀጥታ ግብ ሊሆን እንደማይችል እስኪረጋገጥ ድረስ እንደተነሣ ይቆያል። ዳኛው ምልክቱን ሳያሳይ ቀርቶ ኳሱ በቀጥታ መረብ ውስጥ ቢገባ ሕጉ ምቱ ይደገም ይላል። አስተውሉ፤ የምልክት አለመኖር ብቻውን የጨዋታውን ውጤት የሚለውጥበት ቦታ ይህ ነው። ለአፍታ አንሥቶ የሚያወርድ ዳኛ ይህን አንቀጽ ያነበበው አይመስለኝም።

ምልክት ለአንባቢ ነው የሚለውን አቋሜን የሚያስረዳ ታሪክ ከካርዶቹ የተሻለ የለም። በ1966 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ እንግሊዝ ከአርጀንቲና ሲጫወቱ ጀርመናዊው ዳኛ ሩዶልፍ ክራይትላይን የአርጀንቲናውን አምበል አንቶኒዮ ራቲንን ከሜዳ አስወጡት። ራቲን አስተርጓሚ እየጠየቀ አልወጣም አለ፤ ጨዋታውም ለደቂቃዎች ተቋረጠ። የውድድሩ የዳኞች ኃላፊ የነበሩት እንግሊዛዊው ኬን አስተን ይህን ችግር ሲያሰላስሉ ለንደን ውስጥ የትራፊክ መብራት አይተው የቢጫና የቀይ ካርድ ሐሳብ መጣላቸው፤ ካርዶቹም በ1970 በሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ ዋሉ። ካርድ የመጣው ተጫዋቹና ዳኛው በቋንቋ ባለመግባባታቸው ነው እንጂ ለተመልካች ትርኢት ታስቦ አይደለም። ካርዱን ከኪሱ እንደ ሰይፍ መዝዞ የተጫዋቹ አፍንጫ ሥር የሚያወናጭፍ ዳኛ ይህን ታሪክ ቢያውቅ ምናልባት እጁን ያረጋጋ ይሆናል።

ወደ ሌሎች ስፖርቶች ስንሻገር ልዩነቱ ይበልጥ ያስተምራል። በአሜሪካ በ1887 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ የተጀመረውና በእኛ አካባቢ እምብዛም የማይታወቀው ሶፍትቦል ለእኛ አድቫንቴጅ የቀረበ፣ ነገር ግን በእኔ እምነት ይበልጥ ግልጽ የሆነ ምልክት አለው። የመከላከል ተራ ላይ ያለች ተጫዋች ኳስ ሳትይዝ የሯጯን፣ ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው የምትሮጠውን የተቃራኒ ቡድን ተጫዋች፣ መንገድ ብትዘጋ ዳኛው ወዲያው ጨዋታውን አያቆምም። ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ጎን ዘርግቶ ይይዘዋል፤ የተጀመረው እንቅስቃሴ እስኪያበቃ ይጠብቅና ከዚያ ሯጯ ምን እንደሚገባት ይወስናል። የተዘረጋው ክንድ «አይቻለሁ፣ አልረሳሁም» ይላል። በእግር ኳስ ግን አድቫንቴጁ ካልተሳካ ወደ ጥፋቱ ለመመለስ ያለን ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፤ እጃችንን ካወረድን በኋላ ተጫዋቾቹ እየቆጠርን ይሁን ረስተን ይሁን የሚያውቁበት መንገድ የለም። የሶፍትቦል ዳኞች ስልጠና ሌላም ነገር አለው፤ ሯጯ ማረፊያው ላይ በጊዜ ደርሳለች ወይስ ተቀድማ ከጨዋታ ወጥታለች በሚለው ውሳኔ ላይ ዳኛው ወደ ትክክለኛው ማዕዘን ሄዶ፣ ቆም ብሎ፣ ኳሱ በጓንቱ ውስጥ መቅረቱን አይቶ ከዚያ ብቻ እጁን እንዲያነሣ ይለማመዳል። እግር ቀድሞ፣ ዓይን ተከትሎ፣ እጅ በመጨረሻ ማለት ነው። እነርሱም ቢሆኑ ከልዩነት አላመለጡም፤ በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ የኮሌጆችና የብሔራዊው ማኅበር ውድድሮች ለዳኞች አቋቋምና ምልክት የየራሳቸው መመሪያ ስላላቸው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ዳኛ እንደገና መልመድ አለበት።

ከሌሎቹ ስፖርቶች እኔ በተግባር የማውቀው መረብ ኳስን ነው፤ ለእግር ኳስ ዳኞች ስልጠና ብዙ ሊያበድር ይችላል ብዬም አምናለሁ። የመረብ ኳስ የመጀመሪያ ዳኛ ፊሽካ ከነፋ በኋላ የምልክቱ ቅደም ተከተል የተወሰነ ነው፤ መጀመሪያ ቀጥሎ የሚለጋውን ቡድን፣ ቀጥሎ የጥፋቱን ዓይነት፣ ካስፈለገም ጥፋቱን የሠራውን ተጫዋች ያሳያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ውጤት መዝጋቢው ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚፈልገው ነጥቡ የማን እንደሆነ ነው። የመስመር ዳኞቹ ባንዲራም ያው ነው፤ ወደ ታች ሲሆን ኳሱ ውስጥ፣ ወደ ላይ ሲሆን ውጪ፣ ባንዲራው ተነሥቶ ጫፉ በሌላው መዳፍ ሲነካ ደግሞ ኳሱ ተጫዋች ነክቶ ወጥቷል ማለት ነው።

ከሁሉም ግን የሚያስቀናኝ አንዱ ነው። የመስመር ዳኛው ኳሱን ካላየው፣ ተጫዋች ጋርዶት ወይም በሌላ ምክንያት መወሰን ካልቻለ፣ ሁለት እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ያነሣል። «መፍረድ አልችልም» የሚል ሕጋዊ ምልክት ማለት ነው። በእግር ኳስ እንዲህ ያለ ነገር የለንም። የእኛ ረዳት ኳሱ ማንን ነክቶ እንደወጣ ካላየ ያለው አማራጭ መገመት ወይም ዋናው ዳኛ የሚያሳየውን አይቶ መከተል ነው፤ ሕዝቡ ሁለቱንም «ሌባ!» ብሎ ይቀበለዋል። ከአንዳንድ ባልደረቦች ጋር ከጨዋታ በፊት የምንስማማበት ዘዴ አለ፤ ረዳቱ ካላየ ባንዲራውን ቀጥ አድርጎ ያነሣና ዳኛው አቅጣጫውን እስኪያሳይ ይጠብቃል፣ ከዚያ አብሮ ይጠቁማል። መጽሐፉ ላይ ከተጻፈው ጋር አይጋጭም፤ ግን ሁለቱም አስቀድመው ማወቅ አለባቸው።

ምልክት የጋራ ሆኖ ሲሠለጠን ምን እንደሚቻል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኢትዮጵያዊቷ ዳኛ ሊዲያ ታፈሰ በ2021 እ.ኤ.አ. ካሜሩን ውስጥ በተካሄደው የአፍሪካ አገራት ሻምፒዮና የታንዛኒያንና የናሚቢያን የወንዶች ጨዋታ ስትመራ ሁለቱ ሴት ረዳቶቿ ከማላዊና ከናይጄሪያ የመጡ ነበሩ። ሦስት አገር፣ ሦስት ቋንቋ፣ አንድ ጨዋታ። እነርሱ ሊግባቡ የቻሉት ባንዲራው በሦስቱም ዘንድ አንድ ነገር ስለሚናገር ነው። እኛ ግን ከአንድ ከተማ ሠፈሮች፣ ከአባይ ማዶና ከሽምብጥ፣ ተነሥተን አንድ ሜዳ ላይ ስንገናኝ አንግባባም።

በስልጠና ላይ ቢጨመር የምወደው ነገር ወጪ አይጠይቅም። ሠልጣኞች የልምምድ ጨዋታ ሲያጫውቱ አንደኛውን ሩብ ሰዓት ያለ ፊሽካና ያለ ቃል፣ በምልክት ብቻ እንዲመሩ ቢደረግ ምልክቱ የማይነበበው ዳኛ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል፤ ተጫዋቾቹ ይነግሩታል። ሌላው ደግሞ የረዳቱን ሥራ ከዋናው ዳኛ ቦታ ሆኖ በስልክ መቅረጽ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚቀረጸው ከተመልካች በኩል ስለሆነ ረዳቱ ራሱን የሚያየው ሕዝቡ እንደሚያየው ነው። ባንዲራው የሚነሣለት ሰው ግን ሜዳው መሃል ነው ያለው፤ ከዚያ ሲታይ የተጠቀለለውም፣ በሰውነት የተጋረደውም፣ ቶሎ የወረደውም ባንዲራ ወዲያው ይጋለጣል። በተለይ የመጨረሻው ብዙ ነው፤ ዋናው ዳኛ ካላየው ባንዲራው እስኪታይ ድረስ እንደተነሣ መቆየት ሲገባው፣ ረዳቱ ተጫዋቾች ሲያልፉት አፍሮ ያወርደዋል።

ከዚህ በላይ ደግሞ የቅድመ ጨዋታ ንግግር አለ። በብዙ ጨዋታዎቻችን ላይ ዳኞቹ የሚገናኙት ልብስ ሲቀይሩ ነው፤ ንግግሩም ስለ ክፍያና ስለ መጓጓዣ ሆኖ ያልቃል። ዋናው ዳኛ የሜዳውን ንጣፍ እያየ ከረዳቶቹ ጋር አንድ ዙር ቢራመድ ሁሉም ይነሣል፤ ለፍጹም ቅጣት ምት ምን እንደሚያሳዩ፣ ኦፍሳይድ ላይ ቫር እንደሌለ ማስታወስ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታ ረዳቱ የግብ መስመሩና የክልሉ መስመር ከሚገናኙበት ቦታ ላይ ቆሞ ማን ምን እንደሚያይ።

አራተኛ ዳኛ በሌለበት ጨዋታ ደግሞ የተጫዋች ቅያሪ በንግግሩ ውስጥ የግድ መነሣት አለበት፣ ከሚረሱት ሁሉ በላይ የሚረሳው እሱ ነውና። ከተቀያሪ ወንበሮቹ በኩል ያለው ረዳት ባንዲራውን በሁለት እጁ አናቱ ላይ አግድሞ ይይዛል፤ ዋናው ዳኛ ፊቱን ወደዚያ ካላዞረ ማዶ ያለው ረዳት ይህንኑ ደግሞ ያሳየዋል። የሚገባውን ተጫዋች ጫማ፣ የእግር መከላከያና ጌጣጌጥ የሚመረምረውም ያው ባንዲራ የያዘው ረዳት ስለሆነ፣ ምርመራውን ሳይጨርስ ባንዲራውን ከፍ እንዳያደርግና ጨዋታው በቆመበት ቅጽበት ዓይኑ ከሜዳው ላይ እንዳይነሣ፣ ማን ቀድሞ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይነገረው።